ስለ ሥራ ዋጋና ስለ ሕሊና

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ሁለት ዓይነት ሚዛን ያስፈልገዋል። አንደኛው በገበያ የምናየው ሚዛን ነው፤ ቅቤውንና ማሩን፣ ጤፉንና ቡናውን ይመዝናል። ሁለተኛው በዓይን የማይታየው የሕሊና ሚዛን ነው፤ የሰውን ሐሳብና ቃል ይመዝናል። የመጀመሪያው ሲያጋድል ጎረቤት ያየዋል፣ ዳኛም ይቀጣዋል። ሁለተኛው ሲያጋድል ግን ከባለቤቱ በቀር የሚያውቀው የለም። በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው ያሰብሁት ጥያቄ ሁለቱ ሚዛኖች የሚገናኙበት ነው፤ ይኸውም በእውቀቱና በእጁ ጥበብ የሚተዳደር ሰው ለሥራው ምን ያህል ዋጋ ሊጠይቅ ይገባዋል? የሚል ነው።

ለምሳሌ እንዲሆነኝ ከብዙዎቹ ሙያዎች መካከል የንድፍ አውጪውን ሙያ መርጫለሁ። ንድፍ አውጪ የምለው ዛሬ ግራፊክ ዲዛይነር የሚባለውን፣ ለድርጅት ዓርማ፣ ለመጽሐፍ ሽፋን፣ ለሠርግ መጥሪያ ካርድ፣ ለሸቀጥ ማሸጊያ መልክ የሚያወጣውን ሰው ነው። ከእነዚህም ውስጥ በተለይ የማስበው ለማንም ሳይቀጠር በግሉ የሚሠራውን፣ ወጣቶች «ፍሪላንስ ይሠራል» የሚሉትን ነው። ስንዴ ነጋዴ ዋጋውን ከገበያው ያገኛል፤ ልብስ ሰፊ ጨርቁን በሜትር ይለካል፤ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛም ደመወዝ የሚቆርጥለት አለቃ አለው። የግል ንድፍ አውጪ ግን የሚመዘን እህል፣ የሚለካ ጨርቅ፣ ደመወዝ የሚቆርጥ አለቃ የለውም። ሠራተኛውም፣ ሒሳብ ያዡም፣ በራሱ ጉዳይ ላይ ዳኛውም እርሱ ራሱ ነው። በራሱ ጉዳይ ላይ ዳኛ የሆነ ሰው ደግሞ ሕሊናው ካልነቃ ወይ ለራሱ ያደላል፣ ወይ ራሱን ይበድላል።

ነገሩ አዲስ ይመስላል እንጂ አዲስ አይደለም። በቀድሞው ዘመን በአገራችን ቁም ጸሐፊው ይህን የመሰለ ኑሮ ነበረው። ቀለሙን በጥብጦ፣ ብዕሩን ከመቃ ቀርጾ፣ ዳዊት ወይም ድርሳን ለሚያስጽፈው ሰው በብራና ላይ ይጽፍ ነበር። ያስጻፈውም ሰው መታሰቢያ እንዲሆነው ስሙን በመጽሐፉ ውስጥ ያስገባ ነበር። አንዱ መጽሐፍ ሲፈጸም ጸሐፊው ሌላ አስጻፊ መፈለግ ነበረበት። ብራናው ቆዳ ነውና ዋጋው ይታወቃል፤ የፊደሉ ማማርና የእጁ ጽሕፈት መጥራት ግን በምን ይለካ ነበር? የዛሬው ወጣት በኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ የሚጠይቀው ጥያቄ ይኸው የጸሐፊው ጥያቄ ነው።

ወጣቶቻችን ዋጋ ሲጠየቁ የሚሰጡትን መልስ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። «ስንት ታስከፍለኛለህ?» ሲባል «ኧረ ችግር የለም፣ ደስ ያለህን ትሰጠኛለህ» ይላል። ወይም «መጀመሪያ ሥራው ይለቅ፣ ስለ ገንዘቡ በኋላ እንነጋገራለን» ይላል። ይህ አነጋገር ለጆሮ ጨዋነት ይመስላል፤ ልብ ብለን ብንመረምረው ግን ይሉኝታ ነው እንጂ ጨዋነት አይደለም። ተናጋሪው በልቡ አንድ ዋጋ ይዟል፤ 10,000 ብር ይሰጠኛል ብሎ ያስባል። ደንበኛውም በልቡ 3,000 ብር ይበቃዋል ብሎ ያስባል። ሁለቱም ዝም ይላሉ። ሥራው ባለቀ ቀን ሁለቱ ሐሳቦች ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ደንበኛው 3,000 ብሩን በፖስታ አድርጎ ሲሰጠው ሠራተኛው «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይቀበላል፤ ወደ ቤቱ ሲገባ ግን «ላቤን በላኝ» እያለ ያማዋል። እንግዲህ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ደንበኛው የተባለውን አደረገ እንጂ የማንንም ላብ አልበላም። ደስ ያለህን ስጥ ተብሎ ደስ ያለውን ሰጠ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ይሉኝታውስ ከወዴት መጣ? ሁለት ሥሮች ያሉት ይመስለኛል። አንደኛው በእጅ ሥራ ላይ የነበረው ንቀት ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ጸሐፊውን፣ ሌላውንም ባለ እጅ በሥራው ምክንያት መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ ስለ በዛ እንደ ነበረ ግልጽ ነው። አዋጁ አፍን ይከለክላል፤ በሠራተኛው ልብ ያደረውን ሐፍረት ግን በአንድ ቀን ሊያወጣው አይችልም። ስለዚህ ዛሬም ቢሆን ብዙው ሰው ሸቀጥ ሲሸጥ በድፍረት ዋጋ ይጠራል፤ የእጁን ሥራ ሲሸጥ ግን አንገቱን ይደፋል። ሁለተኛው ሥር ቅርበት ነው። «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» እንደሚባለው፣ ዘመድና ጓደኛ የሚያውቁትን ልጅ ሙያ አቅልለው ያዩታል። «አንተ እኮ በኮምፒዩተር ነካ ነካ ብታደርገው ያልቃል» ይሉታል። ልጁም ዘመዱን እንዳያስቀይም ሲል ነካ ነካ ያደርጋል፤ ነካ ነካው ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል።

እኔ እንደሚመስለኝ ዋጋ ማለት ቃል ነው። ሰው «ይህ ሥራ ይህን ያህል ብር ነው» ሲል ስለ ሥራው፣ ስለ ራሱና ስለ ገዢው አንድ ነገር መመስከሩ ነው። ምስክርነት ደግሞ እውነት ወይም ሐሰት ይሆናል። ከሚገባው በላይ መጠየቅ ሐሰት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ከሚገባው በታች መጠየቅም ሐሰት ሊሆን እንደሚችል ግን የሚያስብ ጥቂት ነው። ስለዚህ ስለ ዋጋ መጠየቅ ያለብን «ውድ ነው ወይስ ርካሽ?» ብለን ብቻ አይደለም፤ «እውነተኛ ነው ወይስ አይደለም?» ብለን ነው። እውነቱም ለሦስት ወገን ሊጠበቅ ይገባዋል፦ ለሠሪው ለራሱ፣ ለገዢውና ለሙያ ባልንጀራው።

መጀመሪያ ለራስ እውነተኛ ስለ መሆን እንናገር። አንዲት ወጣት ንድፍ አውጪ ለቤት ኪራይ፣ ለምግብና ለልብስ በወር 25,000 ብር ያስፈልጋታል እንበል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢው የራሱን ቁጥር ሊያስገባባቸው ይችላል። ይህች ልጅ 25,000ውን ለ25 የሥራ ቀን ታካፍልና «የአንድ ቀን ዋጋዬ 1,000 ብር ነው» ትላለች። ሒሳቡ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ዓመቱን በሙሉ እንመልከተው። ኑሮዋ በዓመት 300,000 ብር ይሆናል። ኮምፒዩተሯ 90,000 ብር ከተገዛና 3 ዓመት ካገለገለ በየዓመቱ 30,000 ብር ያልቃል። ለኢንተርኔት፣ ለመብራትና ለትራንስፖርት በወር 3,000 ብር ብታወጣ በዓመት 36,000 ነው። ለግብርና ለሕመም ቀን 54,000 ብር ታስቀምጥ። ድምሩ 420,000 ብር ነው። ቀኑንስ ስንቆጥር? ከ365 ቀን 52ቱን እሑድ፣ ለበዓል፣ ለሕመምና ለዕረፍት ደግሞ 33 ቀን ብንቀንስ 280 ቀን ይቀራል። ከዚህም ውስጥ ግማሹ ደንበኛ በመፈለግ፣ በመነጋገር፣ ያልተከፈለ ገንዘብ በመጠየቅና አዲስ ነገር በመማር ያልፋል። የሚከፈልበት ቀን እንግዲህ 140 ብቻ ነው። 420,000 ለ140 ሲካፈል 3,000 ብር ይሆናል። 1,000 ብር ያለችው ልጅ የቀን ዋጋዋን በሁለት እጅ አጉድላለች ማለት ነው። የጎደለውንም አንድ ሰው ይከፍለዋል፤ ወይ እናቷ፣ ወይ ጤንነቷ፣ ወይ ሳይታደስ የሚቀረው እውቀቷ ይከፍለዋል። ደንበኛው ይህን አያውቅም፤ በእናቷ ገንዘብ ዓርማ እንደተሠራለት የነገረው የለም።

ይሁን እንጂ በቀን ቆጥሮ ዋጋ ማውጣት ለራስ ወለሉን ለማወቅ ይጠቅማል እንጂ ነገሩን ሁሉ አይፈጽምም። ደንበኛው «ሁለት ሰዓት ላልሞላ ሥራ ይህን ሁሉ ብር?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላልና። ይህ ጥያቄ በእንግሊዝ አገር ፍርድ ቤት እስከ መድረስ ደርሶ ነበር። ጄምስ ዊስለር የሚባል ሠዓሊ ርችት በሌሊት ሲተኮስ የሚያሳይ ሥዕል ሠርቶ 200 ጊኒ ዋጋ አወጣለት። ጆን ረስኪን የተባለው ታዋቂ ሐያሲ ይህ ሰው በሕዝብ ፊት ቀለም ደፍቶ ገንዘብ ይጠይቃል የሚል ትርጉም ያለው ነቀፋ ጻፈበት፤ ሠዓሊውም ስሜ ጠፋ ብሎ ከሰሰው። እ.ኤ.አ. በ1878 ችሎት ላይ የረስኪን ጠበቃ ሥዕሉ ስንት ጊዜ እንደፈጀ ጠየቀው፤ ዊስለርም ሁለት ቀን ያህል መሆኑን አልደበቀም። ጠበቃው ለሁለት ቀን ሥራ ነውን 200 ጊኒ የምትጠይቀው ቢለው፣ በዕድሜ ልክ ሥራ ላገኘሁት እውቀት ነው የምጠይቀው የሚል መልስ ሰጠ። ሸንጎው ለዊስለር ፈረደለት፤ የተፈረደለት ካሣ ግን አንድ ፋርዲንግ፣ ማለት የአንድ ፔኒ ሩብ ብቻ ነበር። በሚቀጥለውም ዓመት ሠዓሊው ከሰረ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። እውቀት በሰዓት አይቆጠርም፤ ለሃያ ዓመት የተማረ እጅ በሁለት ሰዓት ቢፈጽም ለፍጥነቱ ሊቀጣ አይገባውም። ሁለተኛው፣ ክርክሩ ከሥራው በኋላ ከሆነ እውነት የያዘውም ሰው ሊከስር ይችላል።

በዋጋ መጠን ላይ ደግሞ ሁለት የአሜሪካ ታሪኮችን አስተያይቼ ላሳይ። እ.ኤ.አ. በ1971 ካሮሊን ዴቪድሰን የተባለች የፖርትላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዛሬ ናይኪ ለሚባለው የጫማ ድርጅት ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን ዓርማ ሠርታ 35 ዶላር አስከፈለች። እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ ፖል ራንድ ኔክስት ለሚባለው የስቲቭ ጆብስ ድርጅት ዓርማ ሠርቶ 100,000 ዶላር ተቀበለ። ጆብስ ጥቂት አማራጮች እንዲያሳየው ቢጠይቀው ራንድ አንድ መፍትሔ ብቻ እንደሚያቀርብ፣ ደንበኛው ቢጠቀምበትም ባይጠቀምበትም እንደሚከፍለው አስቀድሞ ነገረው። ከ35 ወደ 100,000 ከ2,800 እጥፍ በላይ ነው። ታዲያ ተማሪዋ ተበድላለችን? ራንድስ በድሏልን?

ብዙ ሰው የዴቪድሰንን ታሪክ ሲሰማ ያዝናል፤ እኔ ግን ተበድላለች ለማለት ይከብደኛል። ያን ጊዜ ድርጅቱ ገና ትንሽ ነበር፤ እርሷም ገና ተማሪ ነበረች፤ የጫማው ዓርማ ዓለምን እንደሚዞር ከሁለቱ አንዱም አላወቀም። የተጠየቀው ተከፈለ። እ.ኤ.አ. በ1983፣ ድርጅቱ ካደገ በኋላ፣ የዓርማው ምልክት ያለበት የወርቅ ቀለበትና የድርጅቱን አክሲዮን ሰጣት። ይህ ስጦታ የዕዳ መክፈያ አልነበረም፤ የገዢው ቅንነት ነበር። ራንድ ደግሞ በዚያ ጊዜ ከሰባ ዓመት በላይ የሆነው ሰው ነበር፤ የአይ.ቢ.ኤም. ዓርማም የእርሱ እጅ ሥራ ነው። ዋጋውን በግልጽ ተናገረ፤ ገዢውም ሀብታምና አዋቂ ሆኖ፣ እምቢ ማለት እየቻለ፣ በፈቃዱ ከፈለ። ስለዚህ ሁለቱ ዋጋዎች በመጠን እንደ ሰማይና ምድር ይራራቃሉ፤ ቃል ግልጽ በመሆኑና ፈቃድ ነጻ በመሆኑ ግን አንድ ናቸው።

ስለ ሁለተኛው ወገን፣ ስለ ገዢው፣ ከዚህ ጠልቀን እንመልከት። በዚህ ዘመን «የምታስከፍለው በድካምህ ልክ ሳይሆን ገዢው በሚያገኘው ጥቅም ልክ ይሁን» የሚል ትምህርት አለ። በ13ኛው መቶ ዓመት የኖረው የኢጣልያው ሊቅ ቶማስ አኲናስ ይህን ነገር መርምሮት ነበር። የእርሱ ሐሳብ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ሻጩ ዕቃውን በመስጠቱ ራሱ የሚጎዳ ከሆነ ጉዳቱን በዋጋው ላይ ሊጨምር ይችላል፤ ነገር ግን ሻጩ ምንም ሳይጎዳ ገዢው በጣም ስለሚጠቀም ብቻ ዋጋ መጨመር አይገባም፤ የገዢው ጥቅም ከገዢው ሁኔታ የመጣ እንጂ የሻጩ አይደለምና። በጣም የተጠቀመ ገዢ ግን በራሱ ፈቃድ ጨምሮ ቢከፍል መልካም ነው ይላል። የቀለበቱ ታሪክ ከዚህ ጋር እንዴት እንደሚስማማ አንባቢ ያስተውል።

እኔ ይህን ትምህርት በአንድ ነገር ብቻ ላስፋው እወዳለሁ። የአንድ ሰፈር ዳቦ ቤት ዓርማና በብዙ አገር የሚሸጥ ሸቀጥ ዓርማ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው የበለጠ ጥናት ይጠይቃል፤ ቢበላሽም የሚያስከትለው ኃላፊነት ይከብዳል። ከዚህም ሌላ ንድፍ አውጪው የሚሰጠው ድካሙን ብቻ አይደለም። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪ የኢኮኖሚና የሞራል መብት ይሰጠዋል። ሰፊ መብት ሲተላለፍ ዋጋው ከፍ ቢል ሠሪው ከራሱ የሚሰጠው ነገር ስለ በዛ ነው። ይህ የገዢን ጥቅም መቀማት አይደለም። የገዢውን አለማወቅና ጭንቀት መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

ምሳሌ ልስጥ። ሠርጉ የፊታችን እሑድ የሆነ ሰው ሐሙስ ማታ መጥቶ የመጥሪያ ካርድ ይለምናል እንበል። ንድፍ አውጪው ሌላ ሥራ አቁሞ፣ እንቅልፉን ትቶ የሚሠራለት ከሆነ ተጨማሪ መጠየቁ ፍርድ ነው፤ እንቅልፉ የራሱ ነውና። ነገር ግን ካርዱ ቀደም ሲል ለሌላ የተሠራ፣ ስምና ቀን ብቻ ተቀይሮ በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ ከሆነና ሰውየው ስለ ተጨነቀ ብቻ ዋጋው እጥፍ ቢደረግበት፣ የተሸጠው ካርድ ሳይሆን የሙሽራው ጭንቀት ነው። ዛሬ ደግሞ በጥቂት ደቂቃ ሥዕል የሚያወጡ የኮምፒዩተር መሣሪያዎች መጥተዋል። በእነርሱ መጠቀም ኃጢአት አይደለም፤ አናጢም በኤሌክትሪክ መጋዝ ይጠቀማል። ነገር ግን ማሽኑ ያወጣውን ሥዕል «አምስት ቀን ስሥለው ቆየሁ» ብሎ የአምስት ቀን ዋጋ መቀበል ሐሰተኛ ምስክርነት ነው። ሊሸጥ የሚገባው የመምረጥ ችሎታው፣ እርማቱና ለሥራው የሚሸከመው ኃላፊነት ነው፤ ይህም ራሱ ዋጋ ያለው ስለሆነ መዋሸት አያስፈልገውም።

ለገዢው እውነተኛ ለመሆን ቃሉ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይባላልና። በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ የሚሠራው ምን እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እርማት እንደሚደረግ፣ ቀብዱ ስንት እንደሆነ፣ ቀሪው መቼ እንደሚከፈል፣ ሥራው ቢቋረጥ ምን እንደሚሆን መጻፍ በቂ ነው። ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸናም ይጻፍበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር ዓመት ሳይሞላው ከ120 ብር በላይ ሆኗል። በሰኔ ወር በቅን ልቡና የተነገረ ዋጋ፣ የኮምፒዩተር ዕቃና በዶላር የሚከፈል የፕሮግራም ኪራይ ላለበት ሰው፣ በጥቅምት ወር ሐሰት ሆኖ ተገኘ። ቀን የተጻፈበት ዋጋ ከእንዲህ ያለው ጠብ ሁለቱንም ያድናል። ቀብድ መጠየቅም አለመተማመን አይደለም። ሁለቱም ወገን ከነገሩ ውስጥ እጃቸውን እንዳስገቡ የሚያሳይ ምልክት ነው።

ሦስተኛው ወገን የሙያ ባልንጀራው ነው። ገና ከትምህርት ቤት የወጣ፣ በአባቱ ቤት የሚበላና የሚተኛ ልጅ፣ ኪራይ ስለሌለበት በ1,000 ብር ዓርማ ሊሠራ ይችላል። ርካሽ በመሆኑ ብቻ አይወቀስም፤ ጀማሪ ሥራው የጀማሪ ስለሆነ ዋጋውም የጀማሪ ቢሆን እውነት ነው። ነገር ግን እያወቀ፣ ልጆች የሚያሳድገውን ባልደረባውን ከደንበኛው ለማስጣል ሲል ከወጪው በታች ቢጠራ፣ የአባቱን ቤት በሌላው ሰው ልጆች ላይ መሣሪያ አድርጓል። የሚያሳዝነውም እርሱ ራሱ ነገ ቤት ሲመሠርት በዚያው ባወረደው ዋጋ መኖር ማስፈለጉ ነው። እንዲሁም አምስት ሰው በነጻ ሠርቶ እንዲያመጣና አንዱ ብቻ እንዲከፈለው የሚያደርግ ገዢ አለ። አምስት አናጢ ጠርቶ አምስት ወንበር አሠርቶ፣ በአንዱ ተቀምጦ አራቱን የሚያሰናብት ሰው ብናይ ምን እንለው ነበር? በአሜሪካ የግራፊክ ሠዓሊዎች ማኅበር ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያሳትመው የታወቀ መመሪያ አለ፤ የዋጋና የሥነ ምግባር መመሪያ ነው። ዋጋና ሥነ ምግባርን በአንድ ልባስ ውስጥ መጠረዛቸው ትክክል ይመስለኛል።

እንግዲህ አንዱ ተነሥቶ «ይህ ሁሉ ሒሳብ ከሆነ ደግነት የት ገባ? ለድኻ፣ ለዕድር፣ ለወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ እንኳ በነጻ አንሠራምን?» ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። እንሠራለን እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1977 ሚልተን ግሌዘር ለኒው ዮርክ ግዛት፣ በመካከሉ የቀይ ልብ ሥዕል ያለበትን በጣም የታወቀ ምልክት ሲሠራ ገንዘብ አልተቀበለም። የሚወደውን አገር ለመርዳት ፈቅዶ ሰጠው። ይህ ስጦታ ነው። ይሉኝታ ግን ስጦታ አይደለም፤ ሰጪው እያኮረፈ የሚሰጠው ስጦታ የለምና። ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ በነጻ ወይም በቅናሽ ስትሠሩ ሙሉውን ዋጋ በወረቀቱ ላይ ጻፉት፤ ከበታቹም የተቀነሰውን ጽፋችሁ ስጦታ ነው በሉ። ያን ጊዜ ተቀባዩ ምን እንደተሰጠው ያውቃል፤ ሥራውም አይናቅም። «ለድኻው ቀንሰህ ለእኔ ለምን ሙሉ ጠየቅኸኝ?» የሚል ሀብታም ቢመጣም መልሱ ቀላል ነው። በወንጌል በተነገረው የወይን አትክልት ሠራተኞች ምሳሌ፣ ጧት የገቡት የተዋዋሉትን አንድ ዲናር ሲቀበሉ ያጉረመረሙት፣ ማታ የገቡት እኩል ስለ ተከፈላቸው ነበር። ባለቤቱ ግን ከተዋዋሉት አላጎደለባቸውም። የሀብታሙ ዋጋ በራሱ እውነተኛ ከሆነ፣ ለሌላው የተደረገው ቸርነት ለእርሱ በደል አይሆንም።

ይህን የሚያነብ ወጣት ምናልባት ነገ ራሱ አሠሪ ይሆን ይሆናል። ለእርሱም አንድ ቃል አለኝ። የኦሪት ሕግ የድኻውን የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳይገባ እንዲከፈል ያዝዛል፤ ምክንያቱም ሠራተኛው ነፍሱን በእርሱ ላይ አድርጎ ይጠብቀዋልና። የዛሬው ንድፍ አውጪ ግን «ሥራ አስኪያጁ መስክ ወጥተዋል»፣ «ፊርማ ቀርቷል»፣ «ለሚቀጥለው ወር ተመለስ» እየተባለ ብዙ ፀሐይ ይገባበታል። የተስማሙበትን ገንዘብ ማዘግየት በዋጋው ላይ በስውር መቀነስ ነው። ዋጋ ቃል ከሆነ፣ ያልተከፈለ ዋጋ የታጠፈ ቃል ነው።

በመጨረሻ የምለው ይህን ነው። ዋጋ ስትጠየቁ አንገታችሁን አትድፉ፤ ደረታችሁንም አትንፉ። ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ኑሯችሁንና ድካማችሁን በቅንነት ቁጠሩ። የምትሰጡትን መብትና የምትሸከሙትን ኃላፊነት አስቡ። ደንበኛው የማያውቀውን ነገር እንዲያውቅ አድርጉት። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን በመካከለኛ ድምፅ፣ ሥራው ሳይጀመር ተናገሩና ዝም በሉ። ደንበኛው «ውድ ነው» ብሎ ቢሄድ አልበደላችሁትም፣ አልበደላችሁምም፤ መንገዳችሁ ተለያየ እንጂ። ተስማምቶ ቢቀመጥ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የምትሠሩት በነጻ ልብ ነው፤ ማታም ቤታችሁ ስትገቡ የምታሙት ሰው አይኖርም።